«ጉልበት አለኝ፣ ኳሷ ግን አትሄድም»፦ የጎልፍ ምታችሁን ደቻቱ አሸዋ ላይ እንዴት እንደምትመረምሩ

አንድ ጓደኛዬ ድሬዳዋ ላይ ባጃጅ ነጂ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ክንዱ ደንዳና፤ ዱላውን ሲያነሳ ላየው ኳሷ ሳቢያን ሰፈርን አልፋ የምትወድቅ ነው የሚመስለው። ባለፈው ጠዋት ከተማዋን አቋርጦ በሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ 7 ቁጥር አይረን (ራሱ ብረት የሆነ መካከለኛ የጎልፍ ዱላ) ይዞ ሲወርድባት ቆየና ላቡን እየጠረገ፣ «አቦ፣ ጉልበት አለኝ እኮ፤ ኳሷ ግን አትሄድም!» አለኝ።

«ባጃጅህ ሞተሯ እየጮኸ አልሄድ ስትልህ ምንድን ነው?» አልኩት።

አላሰበበትም። «ክላች ሸራ አልቋል።»

የእሱም ችግር ይኸው ነበር። አብዛኞቻችን ኳሷ አጭር ስትወድቅብን የምንሮጠው ጉልበት ለመጨመር ነው። እኔ ራሴ ሁለት ወር ሙሉ ብረት ሳነሳ ከርሜ ያተረፍኩት የትከሻ ሕመም ብቻ ነው። ጉልበቱ አለ፤ ኳሷ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይፈሳል። የሚፈስበትን ቦታ ለማግኘት ደግሞ አሸዋ የሚያህል መካኒክ የለም። አሰልጣኞች የሚጠቀሙበት ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ላይ ዱላው ከኳሷ በፊት መሬት ቢነካ እንኳ ተንሸራቶ ይደርስና ደህና የመታችሁ ያስመስላል። አሸዋ ላይ ግን የነካችሁበት ቦታ ተቆፍሮ ይቀራል።

ከዚህ በታች ያለው በቀኝ እጁ ለሚጫወት ሰው የተጻፈ ነው። ግራኞች ገልብጣችሁ አንብቡት።

ከመጀመራችሁ በፊት

አንድ 7 ቁጥር አይረን፣ የሕፃናት ፓውደር፣ ነጠላ ጫማ፣ ስልክ። በቃ። ድራይቨሩን (ለሩቅ ምት የሚሆነውን ረጅሙን ዱላ) ቤት ተዉት፤ እሱን ይዞ የሚጀምር ሰው ስህተቱን በጩኸት ይሸፍናል።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ በኋላ በድሬ ፀሐይ መዳፍ ያልባል፣ የዱላው መያዣ ጎማ ይንሸራተታል፣ እጅም ሳታውቁት ዱላውን አጥብቆ ማነቅ ይጀምራል። ዱላውን ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ሙቀቱ የመያዣውን ጎማ ያደርቀዋል።

ሁለት ነገር ግን በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። የጎልፍ ኳስ ከ45.93 ግራም አይበልጥም፤ ሆኖም በድራይቨር ደህና ከተመታ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈተለክ ይችላል። ደቻቱ ደግሞ ሰውም፣ ግመልም፣ ፍየልም የሚሻገርበት ነው። ስለዚህ እዚህ የምነግራችሁን አብዛኛውን ያለ ኳስ ነው የምትሠሩት፤ ኳስ የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላትን የፕላስቲክ ኳስ ተጠቀሙ። ሁለተኛው ጎርፍ ነው። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ ዘንቦ ወንዙ ድንገት ይሞላል፤ የ1998 ዓ.ም ክረምትን ያየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። በዝናብ ወቅት አሸዋው ውስጥ አትውረዱ። ግቢያችሁ ውስጥ አንድ ጋሪ አሸዋ ደፍታችሁ ብትደለድሉት ያው ነው።

አንደኛ፦ መስመሩን አስምሩ

አሸዋውን በእግራችሁ ደልድሉ፤ በጣም ደረቅ ከሆነ ትንሽ ውኃ እርጩበት፣ ቅርጽ እንዲይዝ። ከዚያ በሁለት እግሮቻችሁ መሃል ተነስቶ ከፊታችሁ የሚዘረጋ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ኢላማው በግራ ትከሻችሁ በኩል ነው። ኳሷ መስመሩ ላይ ያለች አስመስላችሁ ምቱ። አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመዱ፣ ደግሞ ምቱ። አሥር ጊዜ።

አሁን ጎንበስ ብላችሁ ጭረቶቹን እዩ። ደህና የአይረን ምት መጀመሪያ ኳሷን፣ ቀጥሎ መሬቱን ነው የሚነካው። ስለዚህ ጭረቱ ከመስመሩ ጀምሮ ወደ ግራ መሄድ አለበት። የጓደኛዬ ጭረት ግማሽ ስንዝር ከመስመሩ በስተቀኝ ነበር የሚጀምረው፤ ከአሥሩ ዘጠኙ። ማለትም ያ ሁሉ ጉልበት መጀመሪያ የሚያርፈው መሬት ላይ ነው፤ ኳሷ የሚደርሳት ትርፍራፊው። «ወላሂ፣ አሸዋ እያረስኩ ነበር» አለ አጎንብሶ እያየ።

ለዚህ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። የመጀመሪያው ክብደት ቀኝ እግር ላይ መቅረቱ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ መታችሁ እንደጨረሳችሁ ቀኝ እግራችሁን ከመሬት አንሱት። ወደ ኋላ ከተንገዳገዳችሁ ክብደታችሁ አልተሻገረም። በየምቱ መጨረሻ ግራ እግራችሁ ላይ ቆማችሁ፣ እምብርታችሁ ኢላማውን እያየ፣ እስከ ሦስት ቁጠሩ። ቆሞ መቁጠር ካልተቻለ ምቱን ቀስ አድርጉት እንጂ ቁጥሩን አትቀንሱ።

ሁለተኛው የእጅ አንጓ ቀድሞ መፈታቱ ነው። ኳሷን «ላንሳት» ብሎ የሚያስብ ሰው ዱላውን እንደ ማንኪያ ከሥር ይሰዳል። የ7 ቁጥር አይረን ፊት ግን ራሱ ወደ ኋላ ጋደል ያለ ነው፤ ማንሳት የሱ ሥራ ነው። እስከ ወገብ ብቻ እያነሳችሁ በግማሽ ምት ተለማመዱ፤ ዱላው መስመሩ ጋ ሲደርስ እጃችሁ ከዱላው ራስ ቀድሞ ወደ ኢላማው ማለፍ አለበት።

ከመነሻው ሌላ የጭረቱን አቅጣጫም እዩ። ወደ ኢላማው ከማየት ይልቅ ወደ ራሳችሁ፣ ወደ ግራ ኋላ ከታጠፈ ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ እየቆረጠ ነው የሚመጣው። ይህ የሚሆነው ከላይ ሲወርዱ ትከሻ ስለሚቀድም ነው። አሁን ነጠላ ጫማው ይምጣ። ኳሷ ካለችበት አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ፣ አንድ ጋት ደግሞ ከእናንተ አርቃችሁ አስቀምጡት። ጫማውን ሳትነኩ ኳሷ ጋ መድረስ ከቻላችሁ መንገዱ ተስተካክሏል። የጓደኛዬ ጫማ የመጀመሪያ ቀን አራት ጊዜ በአየር ላይ ሄዷል፤ ከኳሷ በላይ ርቆ።

ሁለተኛ፦ የዱላውን ፊት ፓውደር ቀቡት

ፊቱ ላይ ፓውደር ነስንሱና በፕላስቲኳ ኳስ ምቱ። ኳሷ የነካችበት ቦታ ላይ ፓውደሩ ጠፍቶ ክብ ምልክት ይተዋል። መሃል ካልሆነ ርቀቱ እዚያው ጠፍቷል፤ ከመሃል የወጣ ምት ዱላውን በእጃችሁ ውስጥ ያዞረዋል፣ ጉልበቱም በዚያ ይበላል። በቀስታ መሃሉን መምታት በኃይል ጫፉን ከመምታት አርቆ የሚወስድበት ጊዜ ብዙ ነው።

ምልክቱ ወደ ዘንጉ ካደላ፣ ወይ በጣም ቀርባችሁ ቆማችኋል፣ ወይ ስትወርዱ ዳሌያችሁ ወደ ኳሷ ይገፋል። ዳሌውን ለማወቅ ከኋላችሁ ግድግዳ ይኑር፤ መቀመጫችሁ ግድግዳውን እንደነካ ቁሙና ያለ ዱላ አካላችሁን ብቻ አዙሩ። ስትወርዱ መቀመጫችሁ ከግድግዳው ከተላቀቀ ሌባው ተያዘ። ምልክቱ ወደ ጫፉ ካደላ ደግሞ ርቃችሁ ቆማችኋል፣ ወይም ክንዳችሁን ወደ ደረታችሁ እየሳባችሁ ነው።

ሦስተኛ፦ ወደ ቀኝ የምትታጠፈዋ ኳስ

ስላይስ የምንለው ነው፤ የጀማሪ ሁሉ ዕዳ። ኳሷ በአመዛኙ የምትነሳው የዱላው ፊት ወደሚያይበት ነው፤ የምትታጠፈው ደግሞ ፊቱና የዱላው መንገድ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። ፊቱ ከመንገዱ ይልቅ ወደ ቀኝ ከተከፈተ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ስለዚህ ወደ ግራ አነጣጥሮ ለመምታት መሞከር ነገሩን ያባብሰዋል፤ መንገዱን የበለጠ ወደ ግራ ስለሚወስደው።

አያያዛችሁን እዩ። ዱላውን ይዛችሁ ቁልቁል ስትመለከቱ ከግራ እጃችሁ ጣቶች ስንት እብጠት መገጣጠሚያ ይታያችኋል? አንድ ብቻ ከሆነ ግራ እጃችሁን ሁለት ወይም ሦስት እስኪታይ ወደ ቀኝ አዙሩት። ዱላው በመዳፍ ሳይሆን በጣቶች ይያዝ። የጥብቀቱን ነገር ለጓደኛዬ የነገርኩት በሱ ቋንቋ ነው፦ ኮረኮንች ላይ የባጃጅ መሪ እንደምትይዘው ሳይሆን አስፋልት ላይ እንደምትይዘው። ወዲያው ገባው።

አራተኛ፦ አሁን ጉልበት

እስካሁን ያለው ሳይስተካከል ወደዚህ የዘለለ ሰው ስህተቱን ነው የሚያፈጥነው።

ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው የጎልፍን ጉልበት ያውቀዋል። ጅራፉ የሚጮኸው እጅ ሲፈጥን አይደለም፤ እጅ ፈጥኖ ገታ ሲል ነው፣ ፍጥነቱ ከእጀታው ወደ ጫፉ ሲሻገር። ምቱም እንዲሁ በተራ ነው፦ መጀመሪያ ግራ እግር መሬቱን ይረግጣል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ደረት ይከተላል፣ ክንድ ይወርዳል፣ ዱላው የመጨረሻው ነው። ክንድ ከቀደመ ተራው ፈረሰ።

ድምፁን አዳምጡ። ዱላውን ገልብጡና ከብረቱ በኩል ያዙት፤ አየር ላይ ምቱ። ያ «ውይይ» የሚለው ድምፅ የት ነው ጎልቶ የሚሰማው? በቀኝ ትከሻችሁ በኩል ከሆነ ፍጥነታችሁን ኳሷ ጋ ሳይደርስ ጨርሳችሁታል። ኳሷ ያለችበት ቦታ ላይና ትንሽ አለፍ ብሎ በግራ በኩል እስኪሰማ ድረስ ደጋግሙ። ጉልበት ሳይጨመር ድምፁ ቦታ ሲቀይር የሚሰማው ደስታ ለብቻው ነው።

ምቱ ጊዜም አለው። የተካኑት ተጫዋቾች ወደ ላይ ለማንሳት የሚወስድባቸው ጊዜ ለመውረድ ከሚወስድባቸው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። እኔ የከተማዋን ስም ነው የምጠቀመው፦ «ድ፣ ሬ፣ ዳ» እያልኩ አነሳለሁ፣ «ዋ!» ላይ ኳሷን አገኛታለሁ። አራቱ ፊደላት እኩል ይባሉ። ጓደኛዬ መጀመሪያ ላይ «ድሬ!» ብሎ ጨርሶት ነበር።

በመጨረሻ ስልኩን በእጃችሁ ቁመት ልክ አንድ ጊዜ ከፊት ለፊታችሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በቀኛችሁ በኩል ወደ ኢላማው እንዲያይ አቁማችሁ በቀስታ ማሳያ ቅረጹ። በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ፈልጉ። ርቀት ስትለኩም የት እንደለካችሁ ጻፉ፤ ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ አየሩም ሞቃት ነው። ስለዚህ ያው ምት ባሕር ዳርቻ ካለ ሜዳ እዚህ ራቅ ይላል፤ የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ ደግሞ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል። የኳሷን መራቅ የራሳችሁ ጉብዝና አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ከመሄዳችሁ በፊት አዲስ መስመር አስምሩና የመጨረሻዎቹን አሥር ምቶች ምቱ። ጭረቶቹን ከላይ ፎቶ አንሷቸው፣ ቀኑንም ጻፉበት። 3 ሰዓት ሳይሆን ፍየሎቹ ያልፉባቸዋል።