የወርቅ ፈንድ ዜና ሰምታችሁ ወደ ወርቅ ቤት ከመሮጣችሁ በፊት

ለጥሎሽ ወርቅ ልትገዙ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ወርቅ ቤት ልትገቡ ነው እንበል። ስልካችሁ ላይ ደግሞ «የወርቅ ኢቲኤፎች ወርቅ እያፈሱ ነው፣ ዋጋው ሊተኮስ ነው» የሚል ዜና ይመጣል። ይገዛ ወይስ ይቆይ? ዜናውን ማንበብ ከቻላችሁ ድንጋጤው ይቀንሳል።

ኢቲኤፍ የብዙ ሰው ገንዘብ የሚሰበሰብበት፣ ድርሻው እንደ አክሲዮን የሚሸጥና የሚገዛ ፈንድ ነው። ትልቁ የወርቅ ኢቲኤፍ፣ ኤስፒዲአር ጎልድ ሼርስ፣ ኒውዮርክ ላይ ገበያ የገባው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ገዢው ወርቁን በእጁ አይዘውም። ወርቁ ግን አለ፤ እያንዳንዱ 12 ኪሎ ተኩል ገደማ በሚመዝን ጡብ መልክ ካዝና ውስጥ ተቀምጧል። ድርሻ ፈላጊ ሲበዛ ትልልቅ ባንኮች ጡብ ለፈንዱ ያስረክቡና በምትኩ አዲስ ድርሻ ወስደው ይሸጣሉ። ሰው ሲሸሽ ደግሞ ድርሻውን መልሰው ጡቡን ያወጡታል፣ ወርቁም ገበያ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ «ወረቀት ነው፣ ከእውነተኛው ወርቅ ጋር አይገናኝም» የሚሏችሁን አትስሙ።

አንዱ ድርሻውን ለሌላው ቢሸጥ ግን አንድ ግራም እንኳ ከቦታው አይነቃነቅም። ዜናው ላይ መፈለግ ያለባችሁ ስንት ዶላር እንደተገበያየ ሳይሆን ካዝናው ውስጥ ስንት ቶን እንደገባ ወይም እንደወጣ ነው። የዓለም የወርቅ ምክር ቤት ይህን በየወሩ ያወጣል።

ቀጥሎ፣ ጌጥ የሚገዛው ሕዝብ በዚያው ጊዜ ምን እያደረገ እንደሆነ እዩ፤ ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው። በ2013 እ.ኤ.አ. ከፈንዶቹ ከ800 ቶን በላይ ወጣ፣ ዋጋው በዓመቱ ከሩብ በላይ ወረደ፣ ቻይናና ህንድ ውስጥ ደግሞ ሕዝቡ ወርቅ ቤቶችን አጨናነቀ፤ ለንደን የነበረው ትልቁ ጡብ ስዊዘርላንድ ሄዶ እየቀለጠ በኪሎ ተቆርጦ ወደ እስያ ተላከ። በ2020 እ.ኤ.አ. ተገለበጠ። ኮሮና ያስፈራቸው ባለሀብቶች ከ850 ቶን በላይ ወደ ፈንዶቹ አስገቡ፣ ወርቅ በአውንስ (31.1 ግራም ገደማ) ከ2,000 ዶላር አለፈ፣ የጌጣጌጥ ፍላጎት ግን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀነሰ።

ፈንድ ብቻውን ዋጋ ይወስናል ማለት ግን አይደለም። በ2022 እና በ2023 እ.ኤ.አ. ወርቅ ከፈንዶቹ እየወጣ ነበር፤ ማዕከላዊ ባንኮች በየዓመቱ ከ1,000 ቶን በላይ ስለገዙ ዋጋው አልወደቀም። አንድ ዜና ብቻ ይዞ የሚያስቸኩላችሁን ሰው ጠርጥሩ።

አሁን ወደ እኛ ገበያ። የአውንሱን ዋጋ ለ31.1 አካፍሉ፣ የአንድ ግራም ንጹህ ወርቅ ዋጋ ታገኛላችሁ። ለ21 ካራት በ0.875፣ ለ18 ካራት በ0.75 አባዙት፣ ከዚያ በዶላሩ ምንዛሪ። ለምሳሌ አውንሱ 3,110 ዶላር ቢሆን ግራሙ 100 ዶላር፣ ባለ 21ዱ 87 ዶላር ተኩል ይሆናል። ወርቅ ቤቱ የሚጠራው ዋጋ ከዚህ ቢበልጥ የእጅ ዋጋው ስንት እንደሆነ ለብቻው ጠይቁ። እኔ በጣም የምለምናችሁ ይሄን ነው፤ መልሳችሁ ስትሸጡ የእጅ ዋጋው አይመለስላችሁምና።

ምንዛሪውንም አትርሱ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ያኔ የዓለም ዋጋ ባለበት ቢቆም እንኳ እዚህ ግራሙ መወደዱ አይቀርም ነበር።

ብር ጌጥ ወይም ጠገራ (የድሮው የማሪያ ቴሬዛ ብር) ለምትፈልጉ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ከመውረዳችሁ በፊት ስሌቱን ያዙ። ጠገራው 28 ግራም ይመዝናል፣ ንጹህ ብሩ 23.4 ግራም ነው፣ ማለትም የአውንስ ሦስት አራተኛ። የብር ፈንዶችም አሉ፣ የእነሱ ዜና የሚነካው ይህን የብረቱን ዋጋ ነው። ከዚያ በላይ የምትከፍሉት ለዕድሜውና ለሥራው ስለሆነ እዚያ ላይ ተከራከሩ።