ሳነቴ ላይ የቀይ ቀበሮ ክትትል ሥራ ሲጀምሩ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለቀይ ቀበሮ ክትትል የተመደበ አዲስ ሠራተኛ በመጣበት ቀን ቆጠራ መጀመር ያምረዋል። አይጀምሩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መረጃውን የሚያበላሸው አውሬው ሳይሆን ቦታውን ገና ያልለመደ ሳንባ፣ ዓይንና ሰዓት ነው።

መጀመሪያ ሳንባው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ 3,100 ሜትር ገደማ ነው፤ የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ፣ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377። «እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ደጋ ለምጃለሁ» ማለት አያዋጣም፤ ሳነቴ ከአዲስ አበባ ከ1,500 ሜትር በላይ ይበልጣል። ዲንሾ ሁለት ሦስት ሌሊት ይደሩ፤ ሳነቴን ቀን ወጥተው ማታ ይውረዱ፤ ድንኳን የሚተከለው ከዚያ በኋላ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረዎት ከዚያ በላይ አይውጡ። ቁጭ ባሉበት ትንፋሽ ካጠረ፣ እርምጃ ከተንገዳገደ ወይም ንግግር ከተዘበራረቀ ግን ሌሊትም ቢሆን ከታች ወዳለችው ጎባ ከተማ ይወረዳል። ይንጋ ተብሎ አይጠበቅም።

ስንቅ ላይም ከፍታው ይታሰብ። እዚያ ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ባቄላና ሽምብራ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክ አይበስልም፤ የሚያልቀው ጋዙ ነው። በሶ፣ ቆሎና ሽሮ ይያዙ። በበጋ ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ የጂፒኤስና የካሜራ ባትሪዎችን ከራስዎ ጋር መኝታ ከረጢት ውስጥ ያሳድሩ፤ ቀዝቅዞ ያደረ ባትሪ ጠዋት ሥራ መካከል ይከዳል።

ብዙ ደብተር ያበላሸው ሰዓት ነው። ስካውቱ (የፓርኩ ጠባቂ) «2 ሰዓት ላይ አየሁት» ሲል ካሜራው 08:00 ብሎ ይመዘግባል። ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ ከተቀላቀሉ ቀበሮው ጠዋት ይታይ ሌሊት ከወር በኋላ ማንም አይለይም። ደብተሩ፣ ጂፒኤሱና ካሜራው ሁሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይሁኑ፤ ስካውቱ የነገረዎትን እዚያው ቀይረው ይጻፉ። ቀንም እንደዚያው ነው፦ «5/1» መስከረም 5 ይሁን ጃንዋሪ 5 አይታወቅም። ወሩን በፊደል ይጻፉ፣ ዓመተ ምሕረቱ የትኛው እንደሆነም ይጥቀሱ።

የድሮዎቹ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም (የቦታ ነጥቦች በሚለኩበት መነሻ) ነው። ጂፒኤስዎ በሌላው ዳተም፣ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ላይ ሆኖ ነጥቡን ከእነዚህ ካርታዎች ላይ ካነበቡ ከ200 ሜትር በላይ ይስታሉ፤ ሜዳ ላይ ይህ የአንድን መንጋ ክልል ወሰን ለማሳት ይበቃል። ጂፒኤሱ ላይ የሚሞላው የዩቲኤም (የካርታ መጋጠሚያ) ዞን 37 ሰሜን ነው።

አምባው ላይ ዛፍ የለም፤ አየሩም ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ ሩቁ ቅርብ ይመስላል። ካምፑ አጠገብ በ50፣ በ100ና በ200 ሜትር ችካል ተክለው በየጠዋቱ በዓይን ይገምቱ፣ ከዚያ በርቀት መለኪያ ያረጋግጡ። ግምትዎ ሳይረጋ የትራንሴክት ቆጠራ (በተወሰነ መስመር እየሄዱ የሚደረግ ቆጠራ) አይጀመርም።

ከዚያ ፍልፈሉን ይማሩ፤ ቀበሮውን የሚያስተምርዎት እሱ ነው። በባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል የቀበሮው ዋና ምግብ ነው። ትኩስ፣ እርጥብ አፈር የተቆለለበትን ቀዳዳ ይፈልጉና ራቅ ብለው ይቀመጡ። ዓይኖቹ አናቱ ላይ ስለሆኑ ከጉድጓዱ ብዙም ሳይወጣ ያያል፤ እስከ ትከሻው ብቅ ይልና ዙሪያውን ያለውን ሣር ነጭቶ ይዞ ይገባል። ቀበሮው ጆሮውን ቀስሮ አንድ ቀዳዳ ላይ ከደረቀ እርስዎም ባሉበት ይቁሙ። የእግርዎ ንዝረት ፍልፈሉን ካስገባው የዚያ ቀበሮ ግማሽ ሰዓት ድካም በእርስዎ ምክንያት ከንቱ ይቀራል።

ከጥቅምት እስከ ጥር ግልገሎች የሚወለዱበት ወቅት ነው። ጉድጓዱን በባይኖኩላር እንጂ በእግር አይጠጉ፤ የተረበሸች እናት ግልገሎቿን በውርጭ ታጓጉዛለች።

እረኞችን ሲጠይቁ «ቀበሮ» ብቻ አይበሉ፤ ዝቅ ባለው አካባቢ ሌላ ቀበሮ መሰል አውሬ አለና መልሱ ይደበላለቃል። ቀዩን በኦሮምኛ ጄዳላ ፈርዳ፣ የፈረስ ቀበሮ ይሉታል፤ ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ተከትሎ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው ይላሉ። ስሙን ጠርቶ የጠየቀ ሰው የተሻለ መልስ ያገኛል።

የመጨረሻውና የከበደው የውሻ ጉዳይ ነው። ከእረኛ ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2003 ፓርኩ ውስጥ ካሉት የዌብ ሸለቆ ቀበሮዎች ወደ ሦስት አራተኛ የሚሆኑትን ጨርሷል። ከመሄድዎ በፊት የመከላከያ ክትባቱን ይውሰዱ፤ የራስዎን ውሻ ይዘው አይሂዱ። ውሻ ከነከሰዎት ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠቡ፣ ክትባት ቢወስዱም እንኳ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይድረሱ። የሞተ ቀበሮ ካገኙ በባዶ እጅ አይንኩ፤ ፎቶ አንስተው፣ የቦታውን ነጥብ ይዘው ወዲያው ለፓርኩ ያሳውቁ። ምርመራው የሚሠራው ከአንጎሉ በሚወሰድ ናሙና ነው፤ ሬሳው ፀሐይ ላይ ከዋለ ደግሞ ናሙናው ይበላሻል፣ ቀበሮው በምን እንደሞተም ሳይታወቅ ይቀራል።