የጥፍር ቅርፅ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥፍር ሰሪዋ ፊት ቁጭ ብለው ስልክዎ ላይ ያስቀመጡትን ፎቶ ያሳያሉ። «ልክ እንደዚህ» ይላሉ። ተሠርቶ ሲያልቅ ቀለሙም ያው፣ ርዝመቱም ያው ነው፤ እጅዎ ላይ ግን አላማረም። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፦ ቅርፅን ከሌላ ሰው እጅ ላይ መምረጥ።

መነሻው የራስዎ ጥፍር ነው። እጅዎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጥፍሩ ከቆዳው ሥር የሚወጣበትን መስመር ልብ ብለው ይዩት። ክብ ነው ወይስ ጠፍጣፋ? የጥፍሩ ጫፍ ያንን መስመር ሲመስል እጅ ላይ ያምራል። ክብ ከሆነ ክብ ወይም ኦቫል (ሞላላ) ይሞክሩ። ጠፍጣፋ ከሆነ ማዕዘኑ ለስለስ ያለ ስኩዌር ይሻላል። ቀጥሎ ስፋቱን ይዩ። አጭርና ሰፊ ጥፍር ስኩዌር ሲሆን ጣቱን ይበልጥ ያሳጥረዋል፤ ጫፉ ላይ ያለው ቀጥ ያለ መስመር ዓይንን እዚያው ያስቆመዋል። ኦቫል ግን ወደ ጫፉ እየጠበበ ስለሚሄድ ጣቱን ረዘም ያደርገዋል። ጣቶችዎ ረጃጅምና ቀጫጭን ከሆኑ ስኩዌርን ያለ ስጋት ያድርጉት።

ሁለተኛው ስህተት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጥፍር የሚሰበረው በዚህ ነውና። አልመንድ የሚባለውን፣ ከኦቫል ይበልጥ ጫፉ የሚሾል ቅርፅ የፈለገ ሰው ጫፉን ለማሾል ሲል ግራና ቀኙን በሞረድ ይበላዋል። ጥፍር ከጣቱ ተላቆ ወደ ውጭ መውጣት የሚጀምርበት ቦታ በሁለቱም ጎን አለ። ጫፉ ሲገፋ ወይም ሲታጠፍ ጫናው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። እሱ ከሳሳ ጥፍሩ ምሰሶው እንደተነቀለ ቤት ይሆናል። እኔም የቀኝ እጄን ሌባ ጣት እንዲህ አድርጌ ሞርጄ ነበር። በሦስተኛው ቀን የቦርሳዬን ዚፕ ስስብ ከጎኑ ቀጭ አለ፤ ስንጥቁም ሥጋው ድረስ ገባ። የእጅ ጥፍር በወር የሚያድገው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ያ ስንጥቅ አድጎ እስኪወጣ በእያንዳንዱ ልብስ ክር ሲያዝ ከረምኩ። ስለዚህ ጎኖቹ ቀጥ ብለው ከጣቱ ይውጡ፤ ማጥበቡን ከዚያ በላይ ካለው ክፍል ይጀምሩ። ለማጥበብ የሚበቃ ርዝመት ከሌለ አልመንድን ለጊዜው ይተዉት። ኦቫል ለአጭር ጥፍርም ይሆናል።

እጅዎ ቀኑን ሙሉ የሚሠራውን መርሳትም ሌላ ስህተት ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሚጽፍ ሰው ጥፍሩ ሲረዝም ቁልፉን የሚነካው በጣቱ ሳይሆን በጥፍሩ ነው። ሕፃን የሚያጥብ፣ የዓይን ሌንስ የሚያስገባና የሚያወጣ ሰው ሹል ጫፍ አይመቸውም። ሊጥ የሚያቦካ ሰው ደግሞ ከረጅም ጥፍር ሥር ሊጥ ሲለቅም ይውላል። የጤና ባለሙያ ከሆኑ ጉዳዩ የምርጫ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ታካሚ የሚነኩ ባለሙያዎች ጥፍራቸው ከጣቱ የሚያልፈው ከ0.5 ሴንቲ ሜትር በታች እንዲሆን፣ አርቴፊሻል ጥፍርም እንዳያደርጉ ይመክራል። ስቲሌቶ (ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ) እና ኮፊን (እየጠበበ ሄዶ ጫፉ ቀጥ ያለ) የሚባሉትን ረጃጅም ቅርፆች የራስ ጥፍር ብቻውን አይችላቸውም፤ ጥፍር ላይ ተቀብተው በሚጠነክሩት ጄል ወይም አክሪሊክ መጠንከር አለባቸው። ከመወሰንዎ በፊት የአንድ ቀን ሥራዎን ያስቡ። የልብስ ቁልፍ መቆለፍ፣ ጣሳ መክፈት፣ ከጠረጴዛ ላይ ሳንቲም ማንሳት። እነዚህ ከከበዱዎት ቅርፁ የእርስዎ አይደለም።

ከሻወር እንደወጡ አይሞርዱ። ጥፍር የተደራረቡ ስስ ንብርብሮች ናቸው፤ ውኃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ያብጣልም። ያኔ ሲሞረድ ጫፉ ይላጣል። በደንብ ይድረቅ። ሞረዱንም እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ አይግፉት፤ ከጎን ወደ መሃል በአንድ አቅጣጫ ይሂዱ። ለራስ ጥፍር 180 ወይም 240 ቁጥር ያለው ይበቃል። ቁጥሩ ሲያንስ ሻካራ ነው፤ 100 ለአክሪሊክ እንጂ ለእርስዎ ጥፍር አይሆንም።

ከላይ ብቻ እያዩ መሞረድም ያታልላል። መዳፍዎን ወደ ፊትዎ አዙረው ጣቶችዎን ያጥፉና ጫፎቹን ይዩ። አንዱ ጎን ከሌላው ዝቅ ማለቱ ከዚያ በኩል ቶሎ ይታያል። አውራ ጣትን ለብቻው ይዩት፤ ሰፊ ስለሆነ የሌሎቹ ቅርፅ እሱ ላይ ሲሠራ ትንሽ ጠበብ ማለት ይፈልጋል።

የመጨረሻው ስህተት መቸኮል ነው። ማዕዘን አንዴ ከተሞረደ ጥፍሩ እስኪያድግ አይመለስም። ከስኩዌር ወደ ኦቫል፣ ከኦቫል ወደ አልመንድ በአንድ ቀን መሄድ ይቻላል። ከአልመንድ ወደ ስኩዌር ግን ሳምንታት መጠበቅ ነው፤ አለዚያ አሳጥሮ መቁረጥ። ስለዚህ መጀመሪያ ስኩዌር አድርገው አንድ ሳምንት ይዋሉበት። ልብስ ከያዘብዎት ማዕዘኖቹን ብቻ ያለስልሱ። ያም ካልጣመዎት በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ኦቫል ይሂዱ።