የሐይቁን እንስሳት ወደ ሠፈር መጫወቻ ማምጣት፦ ለሐዋሳ ነዋሪዎች የአሠራር መመሪያ

በሐዋሳ የሚያድግ ልጅ ጉማሬን ከመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ሳይሆን ከሐይቁ ላይ በዓይኑ ሊያውቀው ይችላል፤ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍም በዓሣ ገበያው በአሞራ ገደል የዓሣ ቅሪት ሲጠባበቅ በጥቂት እርምጃ ርቀት ያገኘዋል። ይህ ሁሉ እያለ በየመጫወቻውና በየመዋለ ሕፃናቱ ግድግዳ ላይ ከውጭ ካርቱን የተቀዳ አይጥና ድብ ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ የሠፈር መጫወቻ ለመሥራት የተነሣ ኮሚቴ የመጀመሪያ ሥራው ልጆቹን ከወላጆቻቸው ጋር ይዞ ሐይቅ ዳር መውጣት፣ ያዩትን እንዲሥሉ ማድረግና “ይህ እንስሳ ምን ሲያደርግ አያችሁት?” ብሎ መጠየቅ ሊሆን ይገባል። ጨዋታውን የሚወስነው የእንስሳው ጠባይ ነውና፣ በጎኑ ላይ ጉማሬ የተሣለበት ተራ መንሸራተቻ ልጁን ስለ ጉማሬ አንዳች ነገር አያሳውቀውም።

ቦታው በማስተር ፕላኑ ላይ ክፍት ወይም አረንጓዴ ቦታ ተብሎ መያዙን ከክፍለ ከተማው አጣርቶ ፈቃዱን በጽሑፍ መቀበል ይቀድማል፤ እድሩ መዋጮ መሰብሰብ ያለበት ከዚያ በኋላ ነው። ቦታውን ዝናብ በጣለ ማግስት ሄዶ ማየትም ይጠቅማል፤ ውኃ የሚተኛበት መሬት አስቀድሞ ቦይ ካልተቀደደለት አሸዋው በአንድ ክረምት ጭቃ ይሆናል። ባጃጅ በሚመላለስበት በኩል አጥር ያስፈልገዋል።

ከሁሉም በፊት እንዲሠራ የምመክረው ጉማሬው ነው፤ ተፈጥሮው ራሱ ለሠሪው ይመቻልና። የጉማሬ ዓይን፣ ጆሮና አፍንጫ ከራሱ አናት ላይ ከፍ ብለው የተቀመጡ ስለሆኑ መላ አካሉን ውኃ ውስጥ ደብቆ ማየት፣ መስማትና መተንፈስ ይችላል። በመጫወቻው ውስጥ አሸዋው ሐይቅ ይሆናል፤ ከአሸዋው በላይ የሚታየው የእንስሳው ጀርባና የራሱ አናት ብቻ ነው። እንዲህ ሲሠራ ሲሚንቶ ይቆጥባል፣ ልጁ ሊወድቅበት የሚችለውን ከፍታም ዝቅ ያደርጋል። የጀርባው ከፍታ ከአሸዋው ወለል ከ60 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ፣ ርዝመቱም 2.5 ሜትር ያህል ቢሆን ለትንንሾቹም ለትልልቆቹም ይበቃል።

ሆዱ ባዶ የሆነ ቅርጽ የአይጥና የእባብ ጎሬ ስለሚሆን መጀመሪያ ድንጋይና አፈር በጉማሬው መልክ ተከምሮ በደንብ ይጠቀጠቃል። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ እንደ ጎድን አጥንት እየታጠፈ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በላዩ ላይ ይተከላል፤ በቁመቱም ሌሎች ፌሮዎች በማሰሪያ ሽቦ ይታሰሩበታል፤ ከዚያ የዶሮ ሽቦ በድርብ ይለብሳል። የማሰሪያው ሽቦ ጫፍ ሁሉ ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት፤ አንዲት ያመለጠች ጫፍ ከዓመታት በኋላ ልስኑ ሲሳሳ የልጅ ጉልበት ትቀዳለች። አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ጋር ተቦክቶ በሁለት ዙር፣ በድምሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይለሰናል። ልስኑ በጆንያ ተሸፍኖ ለ7 ቀን ሳይቋረጥ ውኃ ይጠጣ። በሐዋሳ ፀሐይ ይህን ቸል ማለት ስንጥቅን መጥራት ስለሆነ፣ ውኃ የሚያጠጣው ሰው በስም ተለይቶ ተራው ይጻፍ።

የጉማሬው አፍ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ስፋቱ ከ9 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ፣ ከ23 ሴንቲ ሜትር የሚያንስ ክፍተት ሁሉ ለሕፃን አደገኛ ነው፤ ሰውነቱ ሾልኮ ራሱ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ አፉ የተዘጋ፣ ከንፈሩም በልስኑ ላይ የተጫረ መስመር ብቻ ይሁን። የአፍንጫው ቀዳዳም ጣት የማይዝ ጎድጓዳ ምልክት ሆኖ ይቅር። ከጎኑ ደግሞ እውነተኛው ጉማሬ ሰውን እንደሚገድልና ከሩቅ ብቻ እንደሚታይ የሚገልጽ ጽሑፍ ሊቆምለት ይገባል፤ በሲሚንቶ ጉማሬ ላይ የተቀመጠ ልጅ የሐይቁንም እንዲደፍር ማድረግ ትልቅ ጥፋት ነው።

ልጅ ሊወድቅ በሚችልበት ስፍራ ሁሉ ወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ልቅ አሸዋ መሆን አለበት። ኮብልስቶን ያማረ ቢሆንም ለመግቢያው መንገድ ይቆይ። ከእያንዳንዱ መጫወቻ ዙሪያ 1.8 ሜትር ያህል ምንም ነገር የሌለበት ባዶ ስፍራ ይተዋል፤ ዥዋዥዌ ከፊትና ከኋላው ከዚህም የበለጠ ይፈልጋል። መንሸራተቻው ከቆርቆሮ ከተሠራ የዛፍ ጥላ ሥር ይቁም፤ እኩለ ቀን ላይ የሞቀ ብረት የሕፃን ጭን ያቃጥላል።

የዛፍ ጦጣው ጉሬዛ ለመንጠላጠያ ነው። ጉሬዛ አውራ ጣቱ ከምንም የማይቆጠር ጉጥ ብቻ ስለሆነ፣ ቅርንጫፍን በአራት ጣቱ እንደ ሜንጦ እያያዘ ይሻገራል። ልጆች አውራ ጣታቸውን አጥፈው እንደ እርሱ ጥቂት እንዲሞክሩ ዝቅ ያለ አንድ ዘንግ ለብቻው ቢቆምላቸው ደስ ይላቸዋል። ዘንጎቹ ለትንሽ እጅ እንዲመቹ ውፍረታቸው ከ2.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ዋናው መንጠላጠያም ከአምስት ዓመት በላይ ለሆኑት ብቻ ይለይ። አባ ኮዳን በተመለከተ፣ ሁለቱ ክንፎቹ ሲዘረጉ ከ2.5 ሜትር ሊበልጡ ስለሚችሉ ክንፉን በእውነተኛ ልኩ ግድግዳ ላይ መሣል ይበቃል፤ ልጆቹ እጃቸውን ዘርግተው ይለካኩታል። ቀለም ሲገዛ እርሳስ (ሊድ) የተባለው መርዛማ ብረት የሌለበት መሆኑ በቆርቆሮው ላይ መጻፉ ይታይ።

አሮጌ ጎማ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይመርጠዋል። በእኛ ሠፈር አምባዛ ዓሣ ብለን ያቆምነው የጎማ ሰልፍ ክረምቱን ውኃ ይዞ ከርሞ የትንኝ መፈልፈያ ሆነብን፤ ወባ ባለበት ከተማ ይህ ቀላል ጥፋት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ጎማ ከሥሩ አራትና አምስት ቦታ እንበሳለን፤ ሽቦው የወጣውንም አንቀበልም።

ከሲዳማ ቅርስ ወደ መጫወቻው ሊመጣ የሚችለው ትልቁ ነገር ሁሉቃ የሚባለው የቀርከሃ ቅስት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ በተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊቼ ጫምባላላ በዓል ዋዜማ ቤተሰቡ፣ ከዚያም ከብቶቹ፣ ከእርጥብ ቀርከሃ በተሠራው ቅስት ሥር ያልፋሉ። ሥርዓቱ ክብር ያለው ስለሆነ የሠፈሩን የሲዳማ ሽማግሌዎች ሳያማክሩና ሳያስፈቅዱ ቅስቱን ለመጫወቻ መሥራት አይገባም። ከፈቀዱ ግን የመግቢያው በር በእርሱ አምሳል ይሠራ፤ ከበሩ ወዲያም ልጆች የሚቀመጡባቸው ትንንሽ የላምና የጥጃ ቅርጾች በእንጨት ተጠርበው ይከተሉት። ቀርከሃ መሬት ከነካ ቶሎ ስለሚበሰብስ የቅስቱ አጥንት ከብረት ቧንቧ ሆኖ ቀርከሃው በላዩ ይታሰርና በየዓመቱ በፊቼ ሰሞን ይታደስ። የተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ምላጭ ይቆርጣልና ጫፎቹ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልሱ።

ቦታ ከተረፈ ቆርኪን እጨምራለሁ። ብዙ የከተማ ልጅ ቆርኪ ሲባል የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን ብቻ ነው የሚመጣበት፤ ከሐዋሳ ብዙ በማይርቀው በሰንቀሌ መጠለያ የሚጠበቀው ይህ ቀንደ ቆልማማ እንስሳ፣ የስዌይን ቆርኪ የሚባለው ዝርያ፣ ግን ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አይገኝም። የእያንዳንዱ እንስሳ ስም በአማርኛና በሲዳምኛ ይጻፍ፤ የሲዳምኛውን ስም ከቋንቋው ባለቤቶች ጠይቆ መጻፍ እንጂ በግምት መጻፍ ነውር ነው።

መጫወቻው ከመከፈቱ በፊት አንዱ 9፣ ሌላው 23 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት የእንጨት መለኪያዎች ይጠረቡ። ትንሹ ገብቶ ትልቁ የማይገባበት ክፍተት በሙሉ ይደፈን ወይም ይስፋ። መለኪያዎቹ ከአካፋውና ከመንሹ ጋር እድሩ ቤት ይቀመጡ፤ በወር አንድ ጊዜ ተረኛው እያንዳንዱን ክፍተት ይለካባቸው፣ የተገፋውን አሸዋ ወደ ጉማሬው ዙሪያ ይመልስ፣ የላላውንም ማሰሪያ ያጥብቅ።