የኮሌጅ ግቢን ለሃሪኬን ወራት እንዴት እናዘጋጅ?

ኦገስት 27 ቀን 2005 ቅዳሜ ነበር። በኒው ኦርሊንስ ቱሌን ዩኒቨርሲቲ አዲስ ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር ሻንጣና አንሶላ ተሸክመው ዶርም የሚገቡበት ቀን። ዕቃቸውን እንኳ ሳይፈቱ ዩኒቨርሲቲው ሊዘጋ እንደሆነ ተነገራቸው። ወላጁ አብሮት የነበረው ተማሪ ከወላጁ ጋር ወጣ። መሄጃ ያልነበራቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ደግሞ በአውቶቡስ ሚሲሲፒ ወደሚገኘው ጃክሰን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተወሰዱ። ሰኞ ካትሪና የተባለችው ሃሪኬን፣ ከባሕር የሚነሣ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ማለት ነው፣ ከተማዋን መታች። ቱሌን እንደገና የተከፈተው በጃንዋሪ 2006 ነው። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተዘግቶ ከረመ ማለት ነው።

እነዚያ ልጆች በሰዓቱ የወጡት አውቶቡሱም መድረሻውም አስቀድሞ ታስቦባቸው ስለነበር ነው። ለእኔ የግቢ ዝግጅት መነሻው አንድ ጥያቄ ነው፦ መኪና የሌለው፣ በአቅራቢያው ዘመድ የሌለው፣ አገሩም ሩቅ የሆነ ተማሪ የት ይሄዳል? ለእሱ የሚሠራ ዕቅድ ለሌላውም ይሠራል። ይህን የምጽፈው በቴክሳስ፣ በሉዊዚያናና በፍሎሪዳ ኮሌጆች ለሚማሩ፣ ለሚሠሩና ልጅ ለላኩ ሁሉ ነው።

ወቅቱን እወቁት

የአትላንቲክ የሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር ጽዮን መሆኑ ነው። የሚበረታው በሴፕቴምበር 10 አካባቢ፣ ልክ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። አዲስ ተማሪ ሰፈሩን ሳይለምድ፣ የሚደውልለትን ሰው ሳያውቅ አደገኛው ጊዜ ይደርስበታል። ስለዚህ ዝግጅቱ በግንቦት መጀመር አለበት። በኦገስት ደግሞ ለአዲሶቹ እንደገና መነገር አለበት።

ነገሩ ለእኛ ባዕድ ቢመስልም ብዙዎቹ ብርቱ ሃሪኬኖች መነሻቸው አፍሪካ ነው። አህጉሩን አቋርጦ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ የአየር ሞገድ አትላንቲክ ላይ ሲደርስ ከሞቀው ባሕር ጉልበት ያገኛል። በ2000 የተነሣውን አልቤርቶ የተባለ ሃሪኬን ሳይንቲስቶች ወደ ኋላ ተከታትለው መነሻውን የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከተፈጠረ ደመና ጋር አገናኝተውታል።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሃሪኬን ደረጃ ከ1 እስከ 5 የሚለካው በነፋሱ ፍጥነት ብቻ ነው። ስለ ዝናቡም ሆነ ከባሕር ተገፍቶ ስለሚመጣው ውሃ የሚናገረው የለም። ብዙ ሰው የሚገድለው ግን ውሃው ነው። በጁላይ 2024 ቴክሳስ የገባው ቤሪል ደረጃው 1 ብቻ ነበር። ሆኖም በሂውስተንና አካባቢዋ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን መብራት አሳጥቷል፣ ያውም በዚያ ሙቀት። «አንደኛ ደረጃ ነው፣ ምንም አይል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት።

መጀመሪያ ሰዉን ቁጠሩ

ከሁሉ ሥራ በፊት የሚመጣው ይህ ነው። ከሁሉ በላይ የሚዘነጋውም ይኸው ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ አጭር ቅጽ አዘጋጁ። መኪና አለህ? ግቢው ቢዘጋ የት ትሄዳለህ? አድራሻው የት ነው? በምን ትሄዳለህ? ለማን እንደውልልህ? ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ መድኃኒት አለህ? በመብራት የሚሠራ የሕክምና መሣሪያስ? ደረጃ መውረድ ትችላለህ? የቤተሰብ መኖሪያ ውስጥ ላሉት ደግሞ ስንት ልጅ እንዳላቸው ጠይቁ።

ቅጹን በኢሜይል ልኮ መተው አይበቃም። «ጓደኛዬ ጋ እሄዳለሁ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ነው። የጓደኛው አድራሻ ሲጠየቅ ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ እዚያው ጎርፍ የሚገባበት ሰፈር ሆኖ ይገኛል። ይህ መሄጃ አይባልም። ጓደኛውም በዚያው ቀን ሻንጣውን ይዞ የሚወጣ ሰው ነው። የዶርም ኃላፊው ቁጭ ብሎ በአካል ማነጋገር አለበት።

የእኛ ልጆች ጋ ደግሞ ይሉኝታ አለ። «ሰው ላስቸግር አልፈልግም» ብሎ ዶርሙ ውስጥ ዝም የሚል አለ። ብር የለኝም ማለት አፍሮ፣ የምሄድበት አለኝ የሚልም አለ። ስለዚህ «እርዳታ ትፈልጋለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «አውቶቡሱ ላይ ቦታ ይዘንልሃል፣ ከዚህ ይነሣል» በሉት። ቦታውን የማይፈልግ ራሱ ይናገራል።

እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ እድሩና የማኅበረሰብ ማኅበሩ ትልቅ ሥራ መሥራት ይችላሉ። ዳላስና አትላንታ ከባሕር ራቅ ያሉ፣ ብዙ ወገን ያለባቸው ከተሞች ናቸው። ሂውስተን ያለ ማኅበር ከዳላሱ ጋር ሆኖ፣ ለጥቂት ቀን ተማሪ የሚያሳድሩ ቤተሰቦችን ስም በግንቦት መመዝገብ ይችላል። ስንት ሰው? ወንድ ወይስ ሴት? ማን ከአውቶቡስ ይቀበላል? ሃሪኬኑ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከገባ በኋላ ይህን መጀመር ረፍዷል።

ዝርዝሩን በወረቀትም አትሙት። መብራት ሲጠፋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ስም አይነበብም። አንዱ ኮፒ ከከተማው ውጭ ባለ ሰው እጅ ይሁን።

የምትወስኑበትን ሰዓት አሁን ወስኑ

ማያሚ የሚገኘው ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል ሁለት ዓይነት መልእክት ያወጣል። ሃሪኬን ዎች የሚባለው ሊመጣ ይችላል ሲል፣ ኃይለኛው ነፋስ ይጀምራል ከሚባልበት 48 ሰዓት በፊት ይወጣል። ሃሪኬን ዎርኒንግ ደግሞ መምጣቱ የሚጠበቅ ሲሆን 36 ሰዓት ቀደም ብሎ ይወጣል። 36 ሰዓት ብዙ ይመስላል እንጂ ጥቂት ነው። አውቶቡስ መጥራት፣ ተማሪ መሰብሰብ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ በሚወጣበት መንገድ መጓዝ አለ።

በሴፕቴምበር 2005 ሪታ የተባለችው ሃሪኬን ስትመጣ ከሂውስተን አካባቢ ሚሊዮኖች በአንድ ጊዜ ወጡ። መኪናው በሙቀቱ መሐል ለረጅም ሰዓት ቆመ፣ ነዳጅ አለቀ። ብዙዎች ሕይወታቸው ያለፈው በስደቱ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ከነፋሱ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ጻፉ፦ 96 ሰዓት ሲቀረው አውቶቡሱን እናረጋግጣለን፣ 72 ሲቀረው መኪና ያላቸው ይወጣሉ፣ 60 ሲቀረው አውቶቡሱ ይነሣል። ቁጥሩ እንደየግቢው ይለያያል። ዋናው ማን እንደሚወስን በስም መታወቁ ነው። ያ ሰው ባይኖር ተተኪው ማን ነው? ፕሬዚዳንቱ አውሮፕላን ላይ ቢሆንስ?

ሁሉም ግቢ መልቀቅ የለበትም። የካውንቲያችሁን የመልቀቂያ ዞን ካርታ ተመልከቱ። ውሃ የማይደርስበት ጠንካራ ሕንፃ ያለው ግቢ ተማሪውን እዚያው ማስጠለል ይሻለው ይሆናል። ባለሥልጣናት ልቀቁ ካሉ ግን ክርክር የለም።

የሃሪኬን ማዕከሉ በሚያወጣው የትንበያ ካርታ ላይ የሚታየውን ነጭ ሾጣጣም በደንብ አንብቡት። የሚያሳየው የሃሪኬኑ መሐል በየት ሊያልፍ እንደሚችል ብቻ ነው። ከመስመሩ ውጭ ሆናችሁም ጎርፍና ነፋስ ሊመታችሁ ይችላል። በሴፕቴምበር 2024 ሄሊን ፍሎሪዳ ላይ ገብቶ፣ ከባሕር እጅግ የራቀችውን ተራራማዋን አሽቪልን ነው ያጥለቀለቃት። ከተማዋ የሚጠጣ የቧንቧ ውሃ ለሳምንታት አጣች። በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የአሽቪል ግቢም ትምህርት ተቋረጠ።

ቦርሳው

ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን፣ ወደ 4 ሊትር ገደማ ውሃ ያስፈልጋል። ቢያንስ ለሦስት ቀን ያዙ። ምግቡ ማብሰያ የማይፈልግ ይሁን። በዚህ እኛ እድለኞች ነን፤ የእናቶቻችን ስንቅ ለዚህ የተሠራ ነው። በሶ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው። ዳቦ ቆሎና ቆሎ ፍሪጅ አያውቁም። ድርቆሽም እንደዚያው። እርጥብ እንጀራ ግን መብራት በጠፋ ቤት በሙቀቱ ቶሎ ይሻግታል፤ አትቁጠሩበት።

ፓስፖርት፣ አይ-20 (ትምህርት ቤቱ ለዓለም አቀፍ ተማሪ የሚሰጠው ወረቀት)፣ የኢንሹራንስ ወረቀትና የባንክ ካርድ ውሃ በማያስገባ ፌስታል ይታሸጉ። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሡና ለአንድ የቤተሰብ አባል ላኩ። ዶርሙ ሦስተኛ ፎቅ ነው ብላችሁ ፓስፖርት ትታችሁ እንዳትወጡ። ሕንፃው ሳይጎዳ ግቢው ለወራት ሊዘጋ ይችላል። የሁለት ሳምንት መድኃኒት፣ የሞላ ፓወር ባንክ፣ ባትሪና ዝርዝር ብር ያዙ። መብራት ሲጠፋ ካርድ ማንሸራተቻው አይሠራም፤ ኤቲኤሙም እንዲሁ።

ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ፣ የተከራይ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ጎርፍን አይሸፍንም። በብሔራዊው የጎርፍ ኢንሹራንስ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ የሚጸናው ከ30 ቀን በኋላ ነው። ነፋሱ በቴሌቪዥን ሲታይ መግዛት ዋጋ የለውም።

ምድር ቤቱን ባዶ አድርጉ

በጁን 2001 ሂውስተንን ያጥለቀለቀው አሊሰን ሃሪኬን እንኳ አልነበረም፤ ትሮፒካል ስቶርም፣ ከሃሪኬን ያነሰ ዐውሎ ነፋስ ነው። በሂውስተን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት የነበሩ ከ100 ሺህ በላይ መጻሕፍት ጠፉ። በከተማው የሕክምና ትምህርት ቤቶች ምድር ቤት የነበሩ ብዙ ሺህ የምርምር እንስሳትም ሞቱ። ጀነሬተር፣ ሰርቨር፣ የምርምር ናሙና፣ የተማሪ ፋይል፦ ምድር ቤት ያለውን ሁሉ ወደ ላይ አውጡ። ጀነሬተሩ የትኛውን ክፍል እንደሚያበራ፣ ሊፍቱን እንደሚጨምርና እንደማይጨምር ጠይቃችሁ እወቁ። ሊፍቱ ከቆመ ስድስተኛ ፎቅ ያለውን በዊልቸር የሚሄድ ተማሪ ማን ያወርደዋል?

ወሬው ከአንድ ቦታ ይውጣ

ግቢው አንድ የማስታወቂያ መስመር ይኑረው፤ ሰው ሁሉ የሚያምነው እሱን ይሁን። የቴሌግራም ግሩፕ ጥሩ ነው፤ ግን የአምና ቪዲዮ የዘንድሮ ተብሎ የሚዞረውም እዚያው ነው። ስልክ ሲጨናነቅ ጥሪ ባያልፍም ቴክስት ያልፋል። «ደህና ነኝ፣ ያለሁት እዚህ ነው» የሚል አጭር መልእክት ይበቃል።

ወላጆችን አትርሱ። ሂውስተን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። እናት ቴሌቪዥን ላይ ጎርፉን አይታ ሃያ ሰው ጋ ትደውላለች፤ ልጇ ደግሞ ስልኩ ባትሪ ጨርሷል። አስቀድማችሁ ከከተማው ውጭ ያለ አንድ ዘመድ ምረጡ። ልጅ ለእሱ ይናገራል፣ ቤተሰብም እሱን ይጠይቃል። ኮሌጅ ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ፣ ወላጆች ጋ የሚላከውን መልእክት በአማርኛ አራት መስመር አድርጋችሁ ዛሬውኑ ጻፉትና አስቀምጡ።

ነፋሱ ሲያልፍ

ድንገት ጸጥ ካለ ወዲያው አትውጡ። የሃሪኬኑ ዓይን እያለፈ ይሆናል፤ ነፋሱ ከሌላው አቅጣጫ ይመለሳል። የወደቀ የመብራት ሽቦ አጠገብ አትድረሱ። ጎርፍ ውስጥ አትግቡ። 15 ሴንቲሜትር የሚፈስ ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲሜትር ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል።

ጀነሬተር ቤት ውስጥ፣ ጋራዥ ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ አይነሣ። ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ከሰል ማንደጃም ቤት ውስጥ አይገባ፤ ለቡናም ቢሆን። ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፤ ከሃሪኬን በኋላ በተደጋጋሚ ሰው ገድሏል። በሩ ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ ምግብን ለ4 ሰዓት ያህል ይጠብቃል። ከዚያ በላይ የቆየ ሥጋና ወተት ይጣል።

ዓለም አቀፍ ተማሪ ከሆናችሁ፣ የምትኖሩበት አድራሻ ከተለወጠ በ10 ቀን ውስጥ ለትምህርት ቤታችሁ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ አሳውቁ። ትምህርቱ ወደ ኢንተርኔት ከተዛወረ ወይም ሴሚስተሩ ከተቋረጠ፣ ቪዛችሁን እንዴት እንደሚነካው ኮርስ ከመጣላችሁ በፊት ጠይቁ። ቢሮው ራሱ ከተማውን ለቆ ሊሆን ስለሚችል የኃላፊውን ኢሜይል ከወዲሁ ስልካችሁ ላይ ያዙት። ግቢው ሲከፈት ደግሞ ያን የወረቀት ዝርዝር አውጡ፤ ክፍል ያልገባውን ተማሪ በስሙ እየጠራችሁ ደውሉለት። አንዳንዱ የቲኬት ብር አጥቶ፣ አንዳንዱም ሥራው ስለተዘጋ ኪራይ መክፈል አቅቶት ነው የቀረው። የትኛው እንደሆነ ሲታወቅ ነው የሚረዳው።