ዱባ አቆራረጥ፦ ለወጥ፣ ለቆሎ እና ለሃሎዊን ቅርጽ

ዱባ ልጣጩ ጠንካራ ነው፤ ክብ ስለሆነም ይንከባለላል። ጣት የሚያስቆርጠው የሁለቱ መገናኘት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚቆምበት ጠፍጣፋ ጎን ይበጅለታል።

ሲመረጥ ለመጠኑ የሚከብድ፣ ልጣጩ በጥፍር ሲጫኑት የማይሰረጉድ፣ እጀታውም የደረቀ ይሁን። በክፋይ ከተገዛ ውስጡ ደማቅና የማያሟልጭ መሆኑን ማየት ይበቃል። 3 ኪሎ ዱባ ተልጦ ፍሬው ሲወጣ ወደ 2 ኪሎ ገደማ ይቀራል።

ልጣጩ የሚጣል ቢሆንም በደንብ ይታጠባል፤ አለዚያ ቢላው አፈሩን ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል። መክተፊያው እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፋል። ከዚያ እጀታው ያለበት ጫፍና ተቃራኒው በ1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆረጡና ዱባው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ረጅም ስለታም ቢላ መሃሉ ላይ ገብቶ፣ ሌላው እጅ የቢላውን ጀርባ በመዳፍ እየተጫነ ወደ ታች ይወርዳል። ቢላው ከተቀረቀረ በጉልበት አይሳብም፤ ሲወጣ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። ጀርባውን በሊጥ መዳመጫ ቀስ አድርጎ መምታት ይሻላል። በጣም የጠነከረውን ደግሞ ልጣጩን አምስት ስድስት ቦታ በሹካ ወግቶ 2 ወይም 3 ደቂቃ ማይክሮዌቭ ውስጥ ማቆየት ያለሰልሰዋል።

ሙሉ ዱባ መላጥ ከንቱ ድካም ነው። ለሁለት ከተከፈለ በኋላ ፍሬውና ክሩ በማንኪያ ይፋቃል፤ ሸንተረር ያለው ዱባ ሸንተረሩን ተከትሎ ይሰነጠቃል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በጠፍጣፋ ጎኑ ተኝቶ ከላይ ወደ ታች ይላጣል። ከልጣጩ ሥር ያለው አረንጓዴ ሽፋን አብሮ ይነሳ፤ ቢበስልም አይለሰልስም። የዱባው ፈሳሽ እጅ ላይ ሲደርቅ ቆዳ ይጨመድዳል፤ አስቀድሞ ዘይት መቀባት ይረዳል።

ከመክተፍ በፊት ትንሽ ጥሬውን ይቅመሱ። ከመረረ ሙሉው ይጣል። ምሬቱ ሆድ የሚያውክ ንጥረ ነገር ምልክት ነው፤ እሳትም አያጠፋውም።

ለ1 ኪሎ ዱባ 3 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት ደቆ ያለ ዘይት ይቁላላል፤ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ዘይት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገባበታል። ዱባው በ3 ሴንቲ ሜትር ተከትፎ የሚጨመረው ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ ነው፤ ውሃ 1 የሻይ ብርጭቆ ይበቃዋል፤ ራሱም ያወጣል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በመጠነኛ እሳት ይብሰል። ብዙ ያማሰሉት ገንፎ ይሆናል፤ ድስቱን መነቅነቅ ይሻላል። ተከትፎ የተረፈው ጥሬ፣ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ 4 ወይም 5 ቀን ይቆያል።

ፍሬው ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ጨው ተነስንሶበት በምጣድ ይቆላል። እርጥብ የገባ ፍሬ ይቀቀላል እንጂ አይቆላም።

አሜሪካ ያላችሁ፣ በኦክቶበር በየሱቁ ደጅ የሚከመረው ትልቅ ዱባ ለሃሎዊን፣ ማለትም ኦክቶበር 31 ለሚከበረው በዓል፣ ፊት ተቀርጾበት ውስጡ መብራት እንዲገባበት የሚዘራ ነው፤ ውሃና ክር ይበዛዋል። ረከሰ ብሎ ወጥ መሥራት ያስቆጫል፤ ለወጥ በተርነት ወይም ካቦቻ የሚባሉትን የዱባ ዓይነቶች ግዙ።

ለቅርጽ ሲሆን በባትሪ መብራት የሚበራው ከታች ይከፈታል። ከላይ ከተከፈተ ቢላው ወደ ውስጥ አጋድሎ ይቁረጥ፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ክዳን ወደ ውስጥ ይወድቃል። ፊት የሚቀረጽበት ጎን ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን በማንኪያ ይፋቅ። ከዚያ ከሳሳ ይሰረጉዳል፤ ከወፈረ መጋዙ ይታገላል። ንድፉ በማርከር ከተሣለ በኋላ በትንሽ ጥርሳም መጋዝ መጀመሪያ ዓይንና አፍንጫ፣ መጨረሻ ሰፊው አፍ ይቆረጣል፤ ትልቁ ቀዳዳ ከቀደመ ግድግዳው ይላላል። የተሰበረ ጥርስ በስቴኪኒ ይሰካል።

የተቀረጸ ዱባ እንደ አየሩ ከ3 እስከ 7 ቀን ይቆያል፤ ስለዚህ ኦክቶበር 29 ወይም 30 መቅረጽ ይበቃል። ውጭ ያደረውን መብላት አይገባም። የተቆረጠውን ጠርዝ ቫዝሊን መቀባት መጨማደዱን ያዘገያል፤ ቫዝሊን ግን ስለሚቃጠል ሻማ የሚገባበት ዱባ ላይ አይቀባም።