ለተፈጥሮ ፀረ ተባይ የሚውለውን የፓይሬትረም አበባ ለውጭ ገበያ እንዴት ማምረት ይቻላል?

ፓይሬትረም ዙሪያውን ነጭ፣ መሃሉ ቢጫ የሆነ አነስተኛ አበባ ነው። መገኛው በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ ያለው የዳልማሺያ አካባቢ ሲሆን፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኬንያ ለረጅም ጊዜ ዋና አቅራቢ ነበረች፤ ዛሬ የአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ ትልቁን ድርሻ ይዛለች፣ ሩዋንዳና ታንዛኒያም ያመርታሉ። ገዢው የሚፈልገው አበባውን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ፓይሬትሪን የተባለ ነፍሳት ገዳይ ንጥረ ነገር ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከደረቁ አበባ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። ከማሳ መረጣ እስከ መጋዘን የሚሠራው ሥራ ሁሉ ይህን ጥቂት መጠን ለማሳደግና እንዳይባክን ለመጠበቅ ነው።

ችግኝ ከማፍላት በፊት ገዢ መፈለግ ይገባል። ወደ ውጭ የሚላከው በአብዛኛው ደረቁ አበባ ሳይሆን በፋብሪካ ከአበባው ተለይቶ የተጣራው ፈሳሽ ስለሆነ፣ አብቃዩ የሚዋዋለው ከአቀነባባሪ ድርጅት ጋር ነው። ውሉ ዝቅተኛውን የፓይሬትሪን መጠን፣ የሚፈቀደውን እርጥበት፣ የአከፋፈሉን ስሌትና ናሙናውን የሚወስደውን ወገን በግልጽ ማስቀመጥ አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው የቦታ ምርጫ ነው። በሞቃታማው የዓለም ክፍል ተክሉ የሚስማማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ ደጋ ነው፤ እንቡጥ ለመቋጠር ብርድ ስለሚያስፈልገው፣ በሙቀት ቦታ ቅጠሉ ይንዠረገጋል እንጂ አበባው ይሳሳል። ውሃ የሚቋጥር መሬት ሥሩን ስለሚያበሰብሰው ተዳፋት ወይም ከፍ ያለ መደብ ይመረጣል።

ተክሉን በዘር ወይም ነባሩን እግር ከፋፍሎ በመትከል ማራባት ይቻላል። የተከፋፈለው እግር የእናቱን ባሕርይ ሳይለውጥ ይይዛል፤ ሆኖም በሥሩ ያለውን በሽታና የሥር ትል አብሮ ወደ አዲሱ ማሳ ሊያመጣ ስለሚችል ከጤናማ ማሳ ብቻ መወሰድ አለበት። ዝናቡ እንደጀመረ በተክሎች መካከል 30፣ በመስመሮች መካከል ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል አራርቆ መትከል የተለመደ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ዕድገቱ አዝጋሚ ስለሆነ አረም በቀላሉ ይውጠዋል። ነፍሳት የሚገድል ተክል ራሱ ተባይ አይነካውም ብሎ መዘናጋትም አይገባም፤ ትሪፕስ የተባሉ ጥቃቅን ነፍሳትና ቀይ ሸረሪት መሰል ጥቃቅን ተባዮች ያጠቁታል።

የአብቃዩ ጥንቃቄ ከሁሉ በላይ የሚፈተነው በለቀማ ወቅት ነው። የአበባው ቢጫ መሃል ብዙ ጥቃቅን አበቦች የታጨቁበት ሲሆን፣ እነዚህ ከዳር ወደ መሃል በዙር በዙር ይፈነዳሉ። ከ3 እስከ 4 ዙር ሲፈነዱና ነጮቹ ቅጠሎች ቀጥ ብለው ወደ ጎን ሲዘረጉ የለቀማው ሰዓት ደርሷል ማለት ነው። እንቡጥ ሆኖ ቢቀጠፍ ንጥረ ነገሩ ገና አልሞላም፣ አርጅቶ ቢለቀም ደግሞ መጠኑ ይቀንሳል። ግንዱ ፓይሬትሪን ከሞላ ጎደል ስለሌለው አብሮ ከተለቀመ ክብደት ጨምሮ ጥራት ያወርዳል። ሥራው ጤዛ ከረገፈ በኋላ ይጀመራል፤ የለቃሚዎች ቆዳ ሊቆጣ ስለሚችል ጓንት ይጠቅማል። አበባው አየር በሚያስገባ ቅርጫት መያዝ አለበት፤ በፕላስቲክ ከረጢት ታፍኖ ከዋለ ይግልና ይጠቁራል። በየ2 ወይም በየ3 ሳምንቱ ተመላልሶ መልቀም ያስፈልጋል።

ማድረቁ በዚያው ዕለት ይጀመራል። አበባው በወንፊት ወይም በሸራ ላይ ስስ ሆኖ ይሰጣል፣ ቶሎ ቶሎም ይገላበጣል። ብርሃን ፓይሬትሪንን ስለሚያፈርስ የደረቀውን ፀሐይ ላይ ማቆየት ኪሳራ ነው፤ በማድረቂያ ማሽን ከሆነም ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባይበልጥ ይመረጣል። እርጥበቱ ወደ 10 በመቶ ሲወርድ፣ በጣት ሲታሽ መሃሉ ይፈረፈራል። ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም እርጥብ አበባ 1 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ ይወጣዋል።

ደረቁ አበባ ሳይፈጭ በንጹሕ ጆንያ ተሞልቶ፣ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል። በመጋዘን በቆየ ቁጥር ኃይሉ ስለሚደክም ዋጋ እስኪወጣ ብሎ ማከማቸት አያዋጣም። ናሙና ከአንድ ጆንያ ሳይሆን ከብዙዎቹ ተደባልቆ መወሰድ፣ ውጤቱም በጽሑፍ መሰጠት ይኖርበታል። 1.2 በመቶ ፓይሬትሪን ያለው 100 ኪሎ ግራም አበባ የሚሰጠው 1.2 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ 1.8 በመቶ ያለው 80 ኪሎ ግራም ግን 1.44 ኪሎ ግራም ይሰጣል፤ በንጥረ ነገሩ መጠን በሚከፈልበት ውል አነስተኛው ጭነት የበለጠ ገንዘብ ያስገኛል።

ማሳው ከ3 ወይም ከ4 ዓመት በኋላ ምርቱ ስለሚያሽቆለቁል ተነቅሎ በሌላ ሰብል ይፈራረቃል። ለቀጣዩ ተከላ የሚሆነውን እግር ለመምረጥ ግን ያን ጊዜ መጠበቅ አይገባም፤ ብዙ አበባ የሰጡትንና በአንድ ጊዜ የሚያብቡትን ተክሎች ገና በሁለተኛው ዓመት ምልክት አድርጎ መለየት ይሻላል።